መርፌ የሌለው አኩፓንክቸር፦ ነጥቡን በጣት ፈልጎ የመጫን መመሪያ

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው መርፌ ነው። መርፌው ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ቤት ውስጥ የሚሞከረው አኩፕሬሸር ነው። ነጥቦቹ ያው የአኩፓንክቸር ነጥቦች ናቸው፤ በመርፌው ፋንታ አውራ ጣት ይገባል። ብር አይጠይቅም፣ ዕቃ አይፈልግም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦም፣ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ሆኖም ይሠራል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን ነገሩን አበላሽተውታል። የእጅ ፎቶ ላይ ቀይ ነጥብ ያደርጉና «እዚህ ጋ ተጫን፣ ራስ ምታት ቻው!» ይላሉ። ሰውም ፎቶውን እያየ በግምት ይጫናል። ምንም አይሰማውም። «አጭበርባሪዎች» ብሎ ይተወዋል። ፎቶው ላይ ያለው እጅ እኮ የእሱ እጅ አይደለም። የአኩፕሬሸር ከባዱ ሥራ መጫኑ ሳይሆን ማግኘቱ ነው። የሚያገኘው ደግሞ ዓይን ሳይሆን ጣት ነው።

ስለዚህ እዚህ የነጥብ መዓት አልደረድርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቦታቸውን አንድ ወጥ አድርጎ ያሳተማቸው ነጥቦች 361 ናቸው። ለጀማሪ የሚጠቅሙት በጣት ይቆጠራሉ።

ከመጀመራችን በፊት ቻይናዎቹ ነገሩን እንዴት እንደሚያስቡት ባጭሩ። ሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚሉት ኃይል ይዘዋወራል። የሚሄድባቸው 12 ዋና ዋና መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ከአንድ የውስጥ አካል ጋር ይያያዛል። ቺው ሲታገድ ሕመም ይመጣል። መሄድ ከሚገባው አቅጣጫ ሲገለበጥም እንዲሁ። ለምሳሌ የጨጓራ ቺ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ወደ ላይ ከወጣ ያቅለሸልሻል፣ ያስገሳል፣ ስቅታ ያመጣል። እነዚህን መስመሮች ሰውነት ከፍቶ ያየ ቀዶ ሐኪም የለም። ነጥቦቹ ሥር ግን ነርቭ፣ ጅማትና ጡንቻ መኖሩን ማንም በጣቱ ያረጋግጣል። እኔ የቻይናዎቹን አነጋገር እንደ ካርታ እጠቀምበታለሁ። ካርታው ይጠቅመኛል፤ አልምልበትም።

መጀመሪያ፦ ማን አይጫን?

ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ኸጉ የሚባለውን የእጅ ነጥብ፣ ጂያንጂንግ የሚባለውን የትከሻ ነጥብ እና ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለውን ሳንዪንጂያኦን አትንኩ። ባህሉ ምጥ ያመጣሉ ብሎ ይከለክላቸዋል። ማስረጃው ጠንካራ አይደለም። ግን ለራስ ምታት ብሎ ማን ቁማር ይጫወታል?

አንድ ባታችሁ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ማሸትም መጫንም የለም። ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በለስላሳው ይጫን፤ ቶሎ ይበልዛልና። ቁስል፣ ኢንፌክሽን፣ ያበጠ ደም ሥር ወይም ትኩስ ስብራት ያለበት ቦታ ይዘለላል። ስኳር ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው እግሩ ላይ አጥብቆ አይጫን፤ መብዛቱ አይታወቀውም።

ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መያያዝ፣ አንገት ከማድረቅ ጋር የመጣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ቁርጠት፦ እነዚህ የነጥብ ጉዳይ አይደሉም። በተለይ የደረቱን ልብ በሉ። በኋላ የምናየው ነይጓን የሚባለው የእጅ ነጥብ በቻይናዎቹ ዘንድ ለልብ ትርታም ያገለግላል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ቁጭ ብሎ እጁን ሲጫን የሚያባክነው ደቂቃ ነፍሱን ሊያሳጣው ይችላል።

መለኪያው የራስ ጣት ነው

ቻይናዎቹ ነጥብ የሚለኩት በሴንቲ ሜትር አይደለም። «ጹን» በሚሉት መለኪያ ነው። አንድ ጹን የአውራ ጣት ስፋት ነው፣ አንጓው ላይ ሲለካ። ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሲገጠሙ አንድ ተኩል ጹን ይሆናሉ። አራቱ ጣቶች ተገጥመው፣ በመሐል ጣት መካከለኛ አንጓ ትይዩ ሲለኩ፣ ሦስት ጹን ናቸው።

በክንድና በስንዝር ሲለካ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ገበያ ላይ የሻጩ ክንድ አጭር ነው እየተባለ ክርክር አለ፤ እዚህ ግን ክርክር የለም። መለኪያው የሚጫነው ሰው ጣት አይደለም፤ የሚጫኑለት ሰው ጣት ነው። ግዙፍ አባት በራሱ አራት ጣት የልጁን ቅልጥም ቢለካ ነጥቡን አልፎት ይወርዳል። የልጁን እጅ ይዞ በልጁ ጣቶች መለካት አለበት።

ልኬቱ ደግሞ ወደ ቦታው ያቀርባችኋል እንጂ ነጥቡ ላይ አያስቀምጣችሁም። የቀረውን ጣት ይጨርሰዋል። ለክታችሁ ከደረሳችሁበት ተነሥታችሁ በጣት ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየተጫናችሁ ሂዱ። ከአካባቢው ለየት ያለች፣ ጎድጎድ ያለች ወይም ስትነካ «እህ» የምታሰኝ ቦታ አለች። እሷ ናት።

ስሜቱ ምን ዓይነት ነው? የሚፈለገው ደብዛዛ ሕመም ነው። ቦታው ይከብዳል፣ ይሞላል፣ ትንሽ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴ ስሜቱ ከነጥቡ ወጥቶ በመጠኑ ይሰራጫል። የአኩፓንክቸር ባለሙያዎች መርፌውን ሲያሽከረክሩ «ምን ይሰማሃል?» እያሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ፍለጋ ነው። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ እስከ ጣት ጫፍ የሚነዝር ከሆነ ግን ነርቭ ላይ ናችሁ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ በሉ።

አጫጫኑ

1. ጥፍራችሁን ቁረጡ። ረጅም ጥፍር ያላት ሴት በእስክሪብቶ ድፍን ጫፍ ወይም በታጠፈ ጣት አንጓ ልትጠቀም ትችላለች።
2. እጃችሁን አሹና አሙቁ። የቀዘቀዘ ጣት ጡንቻን ያኮማትራል።
3. ተቀመጡ ወይም ተጋደሙ። ሆድ ጢም እስኪል ከተበላ በኋላ፣ ወይም ከመጠጥ በኋላ አይሁን።
4. አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉና ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ከአሥር ብናስብ ስድስት አካባቢ ሲደርስ በቂ ነው። ፊታችሁ ከተኮማተረ ወይም ትንፋሽ ካቋረጣችሁ አብዝታችኋል።
5. ያዙት፤ ወይም ቆዳው ላይ ሳትንሸራተቱ በትንሽ ክብ አሽከርክሩት። ቆዳውና ጣቱ አብረው ይሂዱ። ቆዳው ላይ የሚፋተግ ጣት ቆዳ ይልጣል እንጂ ነጥቡን አይነካም።
6. በረጅሙ ተንፍሱ። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ለአንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው።
7. ስትለቁም እንደ አጀማመራችሁ ቀስ ብላችሁ ነው።

ለሕፃንና ለሽማግሌ ኃይሉን በግማሽ ቀንሱ።

ነይጓን፦ ለማቅለሽለሽ

አንድ ነጥብ ብቻ ተማሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በምርምር በኩል ከሁሉም የተሻለ መሠረት ያለው እሱ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከ50 በላይ ጥናቶች ተደርገውበታል። ተሰብስበው ሲገመገሙ ነጥቡን ማነቃቃት ለይስሙላ ከሚደረግ የማስመሰያ ሕክምና የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የጥናቶቹ ጥራት ይተቻል፤ ውጤቱ ግን ባዶ አይደለም። መኪና የሚያጥወለውላቸው ሰዎች የሚያደርጉት፣ ጉብ ያለች የፕላስቲክ ፍሬ ያለችበት የእጅ ላስቲክ የሚጫነው ይህንኑ ነጥብ ነው።

አሁን ፈልጉት። የግራ እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አድርጉ። መዳፉና ክንዱ የሚገናኙበት አንጓ ላይ ቆዳው የሠራቸው መስመሮች አሉ። ለመዳፍ በጣም የሚቀርበውን መስመር ያዙ። የቀኝ እጃችሁን ሦስት ጣቶች፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣትን፣ ግጠሙና የቀለበት ጣቱን ጠርዝ መስመሩ ላይ አስተኙት። ሌባ ጣቱ የሚያልቅበት ከፍታ ነው የምትፈልጉት፤ ሁለት ጹን ያህል ይሆናል።

ከፍታው ታወቀ፤ ጎኑስ? እጃችሁን ላላ አድርጋችሁ ጨብጡና አንጓውን ትንሽ ወደ ራሳችሁ እጠፉት። ክንዳችሁ መሐል ላይ ሁለት ጅማቶች እንደ ገመድ ብቅ ይላሉ። ነጥቡ በሁለቱ መካከል ነው። ጅማቶቹን ካያችሁ በኋላ እጁን አላሉት፤ በተወጠረ ጅማት መሐል ጣት አይገባም።

አንድ ጅማት ብቻ ነው የታየኝ የሚል ሰው ይኖራል። አትደንግጡ፤ አንዳንድ ሰው አንደኛውን ጅማት ሳይዝ ነው የሚወለደው፣ ጉዳትም የለውም። ለማጣራት አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙና አንጓውን እጠፉ። መሐል ላይ ወጣ የሚለው ጅማት ካልወጣ የላችሁም ማለት ነው። ያን ጊዜ በአውራ ጣት በኩል ያለውን ጅማት ያዙና በትንሿ ጣት በኩል ከጠርዙ ሥር ግቡ።

አውራ ጣታችሁን እዚያ አሳርፉ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከክንዱ በስተጀርባ ይደግፉ። እንደ ጉጠት ከሁለቱም በኩል ያዙት። ሥሩ ትልቅ ነርቭ ያልፋል፤ ጣታችሁን ከነዘራችሁ ቀለል አድርጉ።

ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ማስመለስ ጉሮሮ ከደረሰ በኋላ የሚጫን ሰው የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ወደ ጎጃም የምትሄዱ ከሆነ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ እስኪጀምር አትጠብቁ። ከመነሻው አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ መንገድ ላይም በየመሐሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ድገሙት። ላስቲኩን መግዛት ካልፈለጋችሁ አንድ ደረቅ ሽንብራ በፋሻ ፕላስተር ነጥቡ ላይ መለጠፍና አልፎ አልፎ ጫን ማድረግ ይሠራል። ቻይና ውስጥም ለጆሮ ነጥቦች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የአንድ አትክልት ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎችን በፕላስተር ይለጥፉና ታማሚው ራሱ በቀን ብዙ ጊዜ ይጫናቸዋል። ማታ ግን ሽንብራውን አንሱት፤ ቆዳ ላይ ካደረ ቦታው ይጎደጉዳል፣ ይበሳጫል።

በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ የጠዋት ማቅለሽለሽም ይህ ነጥብ ይመከራል፤ ከተከለከሉት ውስጥ አይደለም። የምርምሩ ውጤት ግን ድብልቅልቅ ነው። ውኃ እንኳ የማይረጋላት፣ ሽንቷ የቀነሰ ወይም ስትነሣ የሚያዞራት እናት ነጥብ ስትጫን አትዋል፤ ግሉኮስ የሚያስፈልጋት ልትሆን ትችላለች።

ኸጉ፦ ለራስ ምታትና ለጥርስ ሕመም

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው ደግሞ ይስተዋል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሐል ያለውን ስስ ቆዳ እየቆነጠጠ «እየተጫንኩ ነው» የሚለው ስንቱ ነው! ቆዳውን ተዉት።

አውራ ጣታችሁን ከሌባ ጣታችሁ ጋር ግጥም አድርጉ። የእጃችሁ ጀርባ ላይ ሥጋው ጉብ ይላል። የጉብታውን ከፍተኛ ቦታ በሌላኛው እጅ አውራ ጣት ያዙ፣ ከዚያ ጣቶቹን ፍቱ። የያዛችሁት ቦታ ሌባ ጣት ከሚነሣበት ረጅም የመዳፍ አጥንት መካከል አካባቢ ይሆናል። አሁን ቁልፉ ጋ ደረስን። ቀጥታ ወደ ታች አትጫኑ፤ ወደ ሌባ ጣቱ አጥንት አዘንብላችሁ፣ ከአጥንቱ ጠርዝ ሥር ለመግባት እንደሚፈልግ ሰው ጫኑ። ደብዛዛው ሕመም ያን ጊዜ ከች ይላል። ፎቶ አይቶ የሞከረና «ምንም የለውም» ያለ ሰው ይህችን ማዘንበል ሲጨምር ፊቱ ይለወጣል።

የቻይና ሕክምና ተማሪዎች በቃላቸው የሚይዙት አራት ስንኝ ያለው አጭር ግጥም አለ። ለሆድ የትኛው ነጥብ፣ ለወገብ የትኛው፣ ለራስና ለማጅራት የትኛው እያለ ይነግራል። ፊትና አፍ ለኸጉ ነው የተሰጡት። ጥርስ ሲያም የሚጫኑት ለዚህ ነው። ታዲያ ይህ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ ነው። የበሰበሰ ጥርስ በጣት አይድንም።

ዙሳንሊ፦ ለተነፋ ሆድ

በ1971 ጄምስ ሬስተን የተባለ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ተነሣና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሜሪካ ውስጥ አኩፓንክቸር በሰፊው መወራት የጀመረው እሱ ስለዚህ ከጻፈው በኋላ ነው። ወሬው ሲዞር ግን «በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ቀደዱት» ወደሚል ተለወጠ። እውነቱ ሌላ ነው። ለቀዶው የተሰጠው እንደ ማንኛውም ሆስፒታል የማደንዘዣ መድኃኒት ነው። መርፌው የመጣው በኋላ ነው፤ ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ ሲያስጨንቀው ክርኑ ላይና ከጉልበቶቹ በታች ወጉት። ቀለል እንዳለውም ጽፏል።

ከጉልበት በታች ለሆድ የሚነካው ዋናው ነጥብ ዙሳንሊ ነው። ከላይ ባልኩት ግጥም ውስጥም ሆድ የተሰጠው ለእሱ ነው።

ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁን በዘጠና ዲግሪ እጠፉ፣ እግራችሁ ወለል ይርገጥ። ከጉልበታችሁ ሎሚ በታች ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። ወደ ውጭ ያለውን ያዙ። ከዚያ አራት ጣታችሁን ገጥማችሁ የሌባ ጣቱን ጠርዝ ጉድጓዱ ሥር አስተኙ። ትንሿ ጣት የምታልቅበት ከፍታ ላይ የቅልጥማችሁን ስል አጥንት ዳብሱና ከእሱ አንድ አውራ ጣት ያህል ወደ ውጭ ሂዱ። ለማረጋገጥ ተረከዛችሁን ሳታነሡ የእግራችሁን ፊት ወደ ላይ ሳቡት። ከጣታችሁ ሥር ጡንቻ ተነሥቶ ጣታችሁን ከገፋ ደርሳችኋል። አጥንት ላይ ከሆናችሁ ወይም ምንም ካልተነሣ ቦታው ሌላ ነው።

እዚህ ጡንቻው ወፍራም ስለሆነ ጠንከር ማለት ይቻላል። አውራ ጣት ከደከመ በታጠፈ የጣት አንጓ ጫኑት። ከምግብ በኋላ ሆዴ ከበደኝ ለሚል ሰው ትንሽ ቆይቶ፣ በየእግሩ ሦስት ደቂቃ።

ይህን ነጥብ በተመለከተ በ2021 ደስ የሚል ጥናት ወጥቷል። አይጦች ላይ በኤሌክትሪክ መርፌ ይህን አካባቢ ሲያነቃቁ አንድ የተለየ የነርቭ ዓይነት መልእክቱን ወደ አንጎል ወስዶ በሰውነት ውስጥ የሚነሣ ብግነትን እንደሚቀንስ አሳዩ። ሆድ ላይ ተመሳሳይ ኃይል ሲጠቀሙ ያ አልሆነም። ስለዚህ ቦታው ለውጥ ያመጣል የሚለው የቻይናዎቹ አቋም እንዲያው ተረት አይደለም። ግን አይጥ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው። የእናንተ አውራ ጣት ያንኑ ያደርጋል ማለት አይደለም። ማስታወቂያ ላይ ይህን ጥናት ጠቅሶ ማሳጅ ማሽን የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ይህችን ልዩነት ያዙ።

ማጅራትና ትከሻ

ቀኑን ሙሉ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ላጎነበሰ ሰው ፈንግቺ የሚባሉት ጥንድ ነጥቦች አሉለት። ሁለት እጃችሁን ጭንቅላታችሁ ጀርባ ላይ አድርጉ፣ አውራ ጣቶች ወደ ታች። የራስ ቅሉ አጥንት የሚያልቅበትን ጠርዝ ዳብሱ። ከመሐል አከርካሪው ወደ ጎን ስትሄዱ፣ ወፍራሙን የማጅራት ጡንቻ እንዳለፋችሁ፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ ጉድጓድ ታገኛላችሁ። አውራ ጣቶቹን እዚያ አስገቡና ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ጣሉት። ክብደቱ ራሱ ይጫንላችኋል። አቅጣጫው ወደ ላይ ነው፤ የግራው አውራ ጣት ወደ ቀኝ ዓይን፣ የቀኙ ወደ ግራ ዓይን እንደሚጠቁም ሆኖ። ወደ አንገት ጎንና ፊት አትምጡ፤ እዚያ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቅ ደም ሥር አለ።

ጂያንጂንግ ትከሻ አናት ላይ ነው፤ አንገት ሲያጎነብሱ ጎላ ብሎ ከሚታየው የአከርካሪ አጥንት እስከ ትከሻ ጫፍ ባለው መስመር እኩሌታ ላይ። ይህን ራስ ለራስ መጫን ያደክማል፤ ባልደረባ ቢጫንላችሁ ይሻላል። ያረገዘች ባልደረባ እንዳይሆን የሚጫኑላት።

እንቅልፍ እምቢ ሲል

ሸንመን የሚባለው ነጥብ የእጅ አንጓው መስመር ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው። እዚያ በኩል መዳፉ ግርጌ ክብ ትንሽ አጥንት አለች፤ ነጥቡ ከእሷ ሥር፣ ከጅማቱ ወደ መሐል ባለችው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በለስላሳ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ራቅ ብሎ። ስልኩን መራቁ ብቻውን ግማሹን ሥራ እንደሚሠራ እጠረጥራለሁ።

ቻይና ቤቶች ከመኝታ በፊት እግርን ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር የተለመደ ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚት ይሸፍን፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ስኳር ያለበት ሰው የውኃውን ሙቀት በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይፈትን። ሳያውቀው የተቃጠለ እግር ወራት ያስተኛል።

ቅጠሉንስ ለምን ተዋችሁት?

የቻይና መድኃኒት ሲባል ሥርና ቅጠሉም ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚያ ወገን ዓለምን የጠቀመ ነገር ወጥቷል። አገራችን ውስጥ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና አርቲሚሲያ ተክል ነው። ቱ ዮዮ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፍ አገላብጠው መድኃኒቱን ከተክሉ በማውጣታቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሌላ ወገንም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት የተሰጠ የቻይና ቅመም ውስጥ አንዱ ሥር በስህተት በሌላ መርዛማ ሥር ተተክቶ የብዙ ሴቶች ኩላሊት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ሁለቱ ሥሮች ስማቸው ይቀራረባል። ቅመሙ ውስጥ ያለውን ሳታውቁ፣ ከኦንላይን ገዝታችሁ አፍልታችሁ አትጠጡ። ጣት ቢሳሳት የሚያደርሰው ትንሽ መበለዝ ነው፤ ሥር ከተሳሳተ ግን ዳያሊሲስ ይከተላል።

ዋግምቱንም ትቼዋለሁ። ቻይናዎቹ በብርጭቆ፣ የእኛ ሰዎች በቀንድ ያደርጉታል፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቆዳ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ከሆነ ደግሞ ምላጩ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ካላወቃችሁ አትቅረቡት።

ወደ መርፌው መሄድ ከፈለጋችሁ

ጣቱ ጥሩ ሆኖላችሁ ባለሙያ ጋ መቀጠል የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። ከ1974 ጀምሮ ከቻይና ሄናን ግዛት የሚላኩ የሕክምና ቡድኖች ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተዋል። አኩፓንክቸር በግል ክሊኒክም ይሰጣል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የባለሙያውን ፈቃድ በአገሩ ሕግ አጣሩ።

ገብታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት መርፌው አንዴ ተወግቶበት የሚጣል መሆኑን ጠይቁ። የታሸገው ፓኬት ፊታችሁ ይከፈት። ሄፓታይተስ ቢ የመሰለው በሽታ በመርፌ ስለሚተላለፍ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። እርግዝና ካለ፣ ወይም ልባችሁ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለ፣ ከሁሉ በፊት እሱን ተናገሩ፤ አንዳንዱ መርፌ ላይ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ቁርስ ሳትበሉ አትሂዱ፤ ባዶ ሆድ መርፌ ላይ ራስን ያስታል። ደረት ወይም የላይኛው ጀርባ ላይ ከተወጋችሁ በኋላ፣ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ስትተነፍሱ ደረታችሁ ጎን ከወጋችሁ፣ ክሊኒኩ ጋ ደውላችሁ ምክር አትጠብቁ። መርፌው ሳንባውን ነክቶ አየር ሾልኮ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ራጅ ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ አኩፓንክቸር ተደርጎልን ነበር ብላችሁም በር ላይ ተናገሩ።